ሦስት ኩባንያ፣ አንድ በር

መተማ ዮሐንስንና ገላባትን የምትለያቸው አንዲት አጭር ድልድይ ናት። ከሥሯ ክረምት የሚሞላ፣ በጋ የሚደርቅ ወንዝ አለ። ወዲህ ያለው ኢትዮጵያ፣ ወዲያ ያለው ሱዳን ነው። የሞባይል ሞገድ ኬላ አያውቅምና ከዚህ ማዶ ታወር የሚወጣው እዚያ ማዶ ይደርሳል። መተማ ያለ የሰሊጥ ነጋዴ ገላባት ያለው ደንበኛው ዘንድ ሲደውል ግን ድምፁ ያችን ድልድይ አይሻገርም። በተለመደው አሠራር ጥሪው ከመተማ ታወር ተነሥቶ በጎንደር በኩል ወደ 900 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል። እዚያ ካለው ዓለም አቀፍ መውጫ ለካርቱም ይሰጣል። ከካርቱም ደግሞ በምሥራቅ ሱዳኗ ከተማ በገዳሪፍ አድርጎ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተመልሶ ገላባት ያለችውን ስልክ ያስጮኻል። ድልድዩ ላይ ቆሞ ቢጣራ የሚሰማውን ሰው ለማነጋገር ሁለት ዋና ከተማ ዞረ ማለት ነው። ሒሳቡም የሚታሰበው በዓለም አቀፍ ታሪፍ ነው።

ነጋዴ መላ አያጣም። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ይገዛና በአንዱ ቦታ የኢትዮ ቴሌኮምን፣ በሌላው የዘይንን ወይም የሱዳኒን ሲም ይከታል። ገዳሪፍ የሰብል ገበያ ላይ ማሽላና ሰሊጥ ስንት እንደ ዋለ ሲፈልግ በሱዳኑ ሲም ይጠይቃል፤ ጎንደር ያለውን መኪና ጫኝ በኢትዮጵያው ያዝዛል። ይህ ሰው ስለ ንግድ ውድድር ሕግ አንድ መስመር አላነበበ ይሆናል። ያደረገው ግን የውድድር ባለሥልጣናት በትልልቅ አገሮች በፍርድ ቤት ለዓመታት የሚሟገቱለትን ነገር ነው፤ ጥሪው የግድ ማለፍ ያለበትን አንዱን በር በጎን አልፎ ሄዷል።

ስለ ሞኖፖሊ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ኩባንያ ነው፤ አንድ ከሆነ መጥፎ፣ ሦስት ከሆነ ጥሩ ይባላል። የገዳሪፍና የመተማ ታሪክ ይህን ቆጠራ ያስተወኛል። በስልክና በኢንተርኔት ንግድ ዋናው ጥያቄ ስንት ኩባንያ አለ የሚለው ሳይሆን ሁሉም የሚያልፉበት በር የማን ነው፣ ዘበኛውስ ማን ነው የሚለው ነው።

አሜሪካኖች ይህን የተማሩት በስልክ ነው። ኤቲኤንድቲ የተባለው ኩባንያ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ትንንሽ የስልክ ኩባንያዎች ከረጅም ርቀት መስመሩ ጋር እንዳይገናኙ ይከለክል ነበር። አንዲት ትንሽ ከተማ የራሷን የስልክ ድርጅት ብትከፍት ደንበኞቿ ሌላ ከተማ መደወል አይችሉም፤ ስለዚህ ድርጅቷ ወይ ይዘጋል ወይ ለትልቁ ይሸጣል። መንግሥት ጫና ሲያበዛበት ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1913 ሌሎችን ለማገናኘት ተስማማ። ጉዳዩ ግን በዚያ አላበቃም። የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር በ1974 ክስ መሠረተ፤ ሙግቱ አሥር ዓመት ያህል ወስዶ በጃንዋሪ 1984 የአገር ውስጥ ስልኩ ከረጅም ርቀቱ ተነጥሎ ሰባት የክልል ኩባንያዎች ሆነ። የክሱ እምብርት ኩባንያው ትልቅ መሆኑ አልነበረም፤ ትልቅነት ብቻውን እዚያም ወንጀል አይደለም። በየቤቱ የገባው ሽቦ የእሱ ስለሆነ ተፎካካሪው ሁሉ ወደ ደንበኛው ለመድረስ በእሱ እጅ ማለፍ ነበረበት፤ እሱም ይህን እጁን አላግባብ ተጠቅሞበታል ነው የተባለው።

ከዚያ በኋላ በሩ ብዙ ጊዜ ቦታ ቀይሯል። እ.ኤ.አ. በ2015 ኮምካስት የተባለው የኬብል ኩባንያ ታይም ዋርነር ኬብልን በ45 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ አስቦ የተቆጣጣሪዎቹ ፊት ሲጠቁርበት የተወው፣ በአገሪቱ ፈጣን ኢንተርኔት ወደ ቤት የሚገባበት መስመር በአንድ እጅ እንዳይከማች በተነሣው ሥጋት ነው። በኦገስት 2024 ደግሞ አንድ የዋሺንግተን የፌዴራል ዳኛ ጉግል በፍለጋ ገበያ ሕገወጥ ሞኖፖሊ ይዟል ሲሉ ፈረዱ። ችሎቱ ላይ ከወጡት ቁጥሮች አንዱን ልጥቀስ፦ ጉግል በ2021 ብቻ በስልኮችና በመቃኛዎች ላይ ቀድሞ ተጭኖ ለመገኘት ከ26 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፍሏል። በር ለመግዛት ነው ይህ ሁሉ ገንዘብ።

ወደ እኛው እንመለስ።

መተማ ላይ ሆኖ ሱዳንን የሚያይ ኢትዮጵያዊ ብዙ ዘመን ቀንቷል፤ ምክንያትም ነበረው። ሱዳን የመንግሥት የስልክ ድርጅቷን እ.ኤ.አ. በ1993 ሱዳቴል ወደተባለ የአክሲዮን ኩባንያ ለወጠች። የመጀመሪያው የሞባይል ኩባንያ ሞቢቴል በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ተቋቋመ። በ2006 አንድ የኩዌት ቡድን ሴልቴል በተባለው ኩባንያው በኩል ሱዳቴል በሞቢቴል የነበረውን 61 በመቶ ድርሻ በ1.33 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ ሞቢቴልን ጠቀለለውና በማግስቱ ዓመት ስሙን ዘይን አለው። ሱዳቴልም በገንዘቡ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ሱዳኒ የሚል አዲስ ሞባይል አቋቁሞ ተመልሶ ገባ። በመሐል አሪባ የሚባለው መጥቶ ኤምቲኤን ሆነ። ካናር የሚባል የመደበኛ ስልክና የፋይበር ኩባንያም ነበር። ገዳሪፍ ውስጥ የቡና ጀበና የጣደች ሐበሻ እንኳ የትኛው ካርድ ዛሬ ጭማሪ እንዳለው ታውቅ ነበር።

የካናር ታሪክ አንድ አንቀጽ ይገባዋል። በ2016 የኤምሬቶቹ ኤቲሳላት 92 በመቶ ድርሻውን ለዘይን ሊሸጥ ተስማማ። ሽያጩ ቢሳካ የአገሪቱ ትልቁ የሞባይል ኩባንያ አንድ ዋና የፋይበር መስመር በእጁ ይጨምር ነበር፤ የውድድር ባለሥልጣን ያለበት አገር ቢሆን ወራት የሚፈጅ ምርመራ የሚከፈትበት ነው። ሽያጩን ያስቀረው ግን የቅድሚያ መግዛት መብት የነበረው አንድ አነስተኛ ባለአክሲዮን ነው፤ የካርቱም ባንክ። መብቱን ተጠቅሞ በዚያው ዋጋ ራሱ ገዛው። በአጋጣሚ የተገኘ ጥበቃ ነበር ማለት እንችላለን። ባንኩ ደግሞ ኋላ ባንካክ በሚባለው የስልክ መተግበሪያው ሱዳናውያን ገንዘብ የሚላላኩበት ዋና መንገድ የሆነው ያው ባንክ ነው። ከአንዱ በር ጠባቂ ወደ ሌላው በር ጠባቂ።

እንግዲህ ሱዳን ሦስት የሞባይል ኩባንያ፣ አንድ የፋይበር ኩባንያና ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነበራት። በመጽሐፍ ቢሆን ይህ ጤነኛ ገበያ ነው። አሁን ሁለት ቀኖችን እንይ።

አንደኛው እ.ኤ.አ. ጁን 3፣ 2019 ነው። ካርቱም ውስጥ በጦር ኃይሉ ዋና መሥሪያ ቤት ፊት የተቀመጡት ሰልፈኞች በኃይል ሲበተኑ የሞባይል ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘጋ። ሦስቱም ኩባንያዎች በአንድ ትእዛዝ ዘጉ። የገዳሪፍ ሰው ከዘይን ወደ ሱዳኒ ቢቀይር፣ ከሱዳኒ ወደ ኤምቲኤን ቢሄድ ያው ነው። ከዚያ አብደልአዚም ሐሰን የተባሉ ጠበቃ ዘይንን በደንበኛነታቸው ከሰሱት፤ አገልግሎት ገዝቼ አገልግሎት ተከለከልኩ፣ ውሌ ይፈጸም አሉ። ፍርድ ቤቱም ፈረደላቸው። ክሱን ያቀረቡት በግላቸው ስለነበር ግን ፍርዱ የተፈጸመው ለእሳቸው ሲም ብቻ ነው። ለተወሰኑ ቀናት ሚሊዮኖች በጨለማ ሲሆኑ አንድ ጠበቃ የሞባይል ኢንተርኔት ነበራቸው። ኋላ ክሱን አስፍተው ተመለሱና በጁላይ ፍርድ ቤቱ ለሁሉም እንዲከፈት አዘዘ። ይህን ታሪክ የምወደው ስለሚያስቅ ብቻ አይደለም። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ያልሠራውን አንድ የደንበኝነት ውል ሠራው።

ሁለተኛው ቀን የከፋ ነው። የሱዳን ጦርና የፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ጦርነት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15፣ 2023 ተጀመረ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የዋድ መደኒ ከተማ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ስትወድቅ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ምሥራቅ ፈለሰ፤ ገዳሪፍ ትምህርት ቤቶቿ ሳይቀሩ በተፈናቃይ ተሞሉ። ያ ሁሉ ሰው ከቤቱ የወጣው አንድ ነገር ይዞ ነው፤ ስልክ። ባንኮች በተዘረፉበት፣ ጥሬ ገንዘብ በጠፋበት አገር ሪያድ ወይም ዶሃ ያለ ወንድም በባንካክ ይልካል፣ ባለሱቁ በባንካክ ይቀበላል፣ ዳቦው በባንካክ ይገዛል። ባለሱቁ የሚያየው የገንዘብ ኖት የለም፤ ገዢው ስልኩን አዙሮ ገንዘቡ መተላለፉን የሚያሳየውን ስክሪን ያሳየዋል፣ እሱም በራሱ ስልክ ላይ መግባቱን አይቶ ዕቃውን ይሰጣል። ሁለቱም ስልኮች ኔትወርክ ከሌላቸው ዳቦ የለም።

በፌብሩዋሪ 2024 መጀመሪያ ላይ በቀናት ልዩነት ሦስቱም ኩባንያዎች ጠፉ። መጀመሪያ ኤምቲኤንና ሱዳኒ፣ ቀጥሎ ፌብሩዋሪ 7 ላይ ዘይን። የማዕከል መሣሪያዎቻቸው ካርቱም ነበሩ፤ ያ የከተማው ክፍል ደግሞ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ነበር። የዘጋው ይኸው ኃይል ነው፣ ለዳርፉር ኔትወርክ መቋረጥም አጸፋ ነው ተብሎ ተዘገበ፤ ኃይሉ ግን ክሱን አልተቀበለም። ማንም ያድርገው ማን፣ ገዳሪፍ ላይ የሆነው ነገር ግልጽ ነው፦ ውጊያ ያልደረሰበት ከተማ ታወሩ እንደ ቆመ፣ ሦስት ተፎካካሪ ኩባንያ እያለው ድምፁ ጠፋ። ካርቱም ውስጥ በበጎ ፈቃደኞች የሚመሩ የጋራ ወጥ ቤቶች ገንዘብ ስላልደረሳቸው ምድጃቸውን አጠፉ። ሱዳኒ ማዕከሉን ፖርት ሱዳን ላይ አዋቅሮ በቀናት ውስጥ ለምሥራቁ አገልግሎት መለሰ፤ ዘይን ሳምንታት ፈጀበት። በዚያ መሐል የስታርሊንክ ሳህን ያለው ሰው የኢንተርኔት ደቂቃ እየሸጠ ነገሠ። መሣሪያው በሱዳን ፈቃድ አልነበረውም፤ አዲስ ሞኖፖሊ ግን ፈቃድ አይጠብቅም።

ግብፅም ከሱዳን ተምራለች ለማለት ያስቸግራል። በጁላይ 2025 ካይሮ የሚገኘው የራምሲስ የስልክ ማዕከል ተቃጥሎ አራት ሰዎች ሲሞቱ የአገሪቱ ስልክ፣ ኢንተርኔትና የባንክ ሥራ አብሮ ተንገዳገደ። እዚያ ያሉት የሞባይል ኩባንያዎች አራት ናቸው፤ አንደኛው የመንግሥቱ ቴሌኮም ኢጂፕት ነው፣ ዋናውን መስመርም ሌሎቹ ከዚያው ከቴሌኮም ኢጂፕት ይከራያሉ።

ወደዚህኛው የድልድዩ ጫፍ ስንሻገር ታሪኩ ቀለል ያለ ይመስላል፤ ኩባንያው አንድ ነበራ። ሞባይል ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ለሃያ ሦስት ዓመታት ገደማ ሻጩ አንድ ብቻ ነበር። የሚገርመው ተቆጣጣሪው ነው። የቴሌኮሙኒኬሽን ኤጀንሲ በ1989 ዓ.ም. ተቋቁሞ እስኪታጠፍ ድረስ አንድ ቡድን ብቻ የሚጫወትበትን ሜዳ ዳኘ። ባለሥልጣናት ቴሌን ጥገት ላም ይሉት ነበር፣ ከላሟ የሚታለበው ለባቡር ሐዲድ ነው ይባል ነበር። በድንበሩ ያለው ሰው ይህን ክርክር የሚሰማው በዋጋው ነው። ከውጭ የሚደወል ጥሪ ውድ በመሆኑ ሲም ቦክስ የሚባለው ንግድ በቀለ፤ ከውጭ በኢንተርኔት የመጣን ጥሪ ደርዘን ሲም በተሰካበት ሣጥን አሳልፎ የአገር ውስጥ ጥሪ አስመስሎ ማድረስ ነው። መልሱ ዋጋ ማውረድ ሳይሆን በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ሆነ። ሰባሪውን መቅጣት ትክክል ሊሆን ይችላል፤ በሩ ላይ ያ ሁሉ ሰው ለምን እንደ ተሰለፈ ግን አዋጁ አልጠየቀም።

አጠቃላይ የንግድ ውድድር ሕግ አልነበረንም ማለት አይደለም። አዋጅ ቁጥር 813/2006 የገበያ የበላይነትን አላግባብ መጠቀም ይከለክላል። ያው አዋጅ ግን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለኢኮኖሚ ልማት ወሳኝ ናቸው ያላቸውን የንግድ ሥራዎች ከክልከላው ነፃ እንዲያደርግ ይፈቅዳል። አዋጁን ያስፈጽም የነበረው ባለሥልጣንም በ2014 ዓ.ም. ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት መሆኑ ቀርቶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ገባ።

የተለወጠው ነገር የመጣው ከሕጉ ቀድሞ ነው። ኢሕአዴግ በግንቦት 2010 ዓ.ም. ቴሌን በከፊል ለመሸጥ ወሰነ። በዚያው ነሐሴ ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ድምፅን 40 በመቶ፣ የሞባይል ኢንተርኔትን 43 በመቶ ቀነሰ። ልብ በሉ፣ ተፎካካሪ ገና አልመጣም፤ ይመጣል ስለተባለ ብቻ ነው። ለዓመታት ከዚህ በታች አይወርድም ሲባል የነበረ ዋጋ በአንድ ወር ወረደ። ስለ ሞኖፖሊ ዋጋ የሚጻፉ ብዙ ገጾችን ይህ አንድ ነሐሴ ይተካልኛል።

ቀጥሎ አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቋመ፤ የገበያ የበላይነት ያለውን ለይቶ ተጨማሪ ግዴታ የመጣል ሥልጣንም ሰጠው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. የኬንያው ሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ አገኘ፤ ኤምቲኤን 600 ሚሊዮን አቅርቦ ተሸነፈ። ድሬዳዋ ላይ በነሐሴ 2014፣ አዲስ አበባ ላይ በመስከረም 2015 ሥራ ጀመረ። የፈቃዱን ዝርዝር ያየ ሰው ግን በሩ የት እንደ ተቀመጠ ያያል። ታወር ሠርተው የሚያከራዩ ገለልተኛ ኩባንያዎች እንዲገቡ አልተፈቀደም፤ ስለዚህ አዲሱ ኩባንያ ወይ ራሱ ይተክላል ወይ ከተፎካካሪው ይከራያል። የሞባይል ገንዘብም መጀመሪያ በፈቃዱ ውስጥ አልነበረም። የኢትዮ ቴሌኮሙ ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የሳፋሪኮሙ ኤም ፔሳ ፈቃድ ያገኘው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በገንዘብ ማስተላለፊያ ንግድ ሁለት ዓመት ዕድሜ ነው፤ ሰው ዘመዱ ያለበትን ይመርጣልና። በ2017 በጀት ዓመት ማብቂያ ኢትዮ ቴሌኮም ከ83 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ፣ ቴሌብርም ከ54 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ እንዳላቸው ኩባንያው አስታውቋል።

ሳፋሪኮም ግን አንጀቴን በላኝ ብሎ ማዘን አያስፈልግም። አዲስ አበባ ላይ የበላዩን አደብ አስገዙልኝ የሚለው ኩባንያ ናይሮቢ ላይ ራሱ የበላይ ነው። የኬንያ ተቆጣጣሪ ያስጠናው ጥናት ኤም ፔሳንና ታወሮቹን ለሌሎች ስለ መክፈት ሲያነሣ አጥብቆ የተከራከረው እሱ ነበር። ሁለቱም ቦታ የሚናገረው ያው ኩባንያ ነው፤ የቆመበት የበሩ ወገን ብቻ ነው የተለየው።

የኩባንያ ቁጥር ከአንድ ወደ ሁለት ማደጉ በድንበሩ ምን ለወጠ? ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከትግራይ የሸሹ ሰዎች ኡም ራኩባና ቱናይድባ መጠለያዎች ሲገቡ ከሦስቱ የሱዳን ኩባንያዎች የፈለጉትን ሲም መግዛት ይችሉ ነበር። የሚደውሉለት ቁጥር ግን አንድ ኩባንያ ብቻ ባለበት፣ እሱም በተዘጋበት አገር ነበር። ከሐምሌ ማብቂያ 2015 ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለአንድ ዓመት ያህል ተዘጋ። በዚያ ጊዜ ኩባንያው ሁለት ሆኖ ነበር፤ ጎንደር ላይ ሲም መቀየር ግን የፈየደው ነገር አልነበረም።

የውድድር ተቆጣጣሪ መንግሥት የሚያወርደውን የመዝጋት ትእዛዝ ሊሽር አይችልም፣ ሥራውም አይደለም ይባላል። ግማሹን እቀበላለሁ። ግን መዝጋት ቀላል የሚሆነው መዝጊያው አንድ ቦታ ስለሆነ ነው፤ መዝጊያው አንድ ቦታ እንዳይሆን ማድረግ ደግሞ ልክ የዚህ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው። ስንት የድንበር መውጫ አለ፣ የፋይበሩ ባለቤት ለተፎካካሪ በምን ዋጋ ያከራያል፣ የማዕከል መሣሪያው ስንት ከተማ ውስጥ ተከፍሎ ተቀምጧል፣ ደንበኛ ቁጥሩን እንደ ያዘ ወደ ሌላ ኩባንያ መሄድ ይችላል ወይ፤ እነዚህን መጠየቅ የቢሮ ሥራ ይመስላል እንጂ ፌብሩዋሪ 2024 ገዳሪፍ ላይ ዳቦ በመግዛትና ባለመግዛት መካከል የነበረው ልዩነት እነዚሁ ናቸው። ኢትዮጵያ ላይ ሌላም ውስብስብ አለ፤ ኢትዮ ቴሌኮም የመንግሥት ሀብት ሆኖ በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ሥር ነው፣ በ2017 ዓ.ም. ለሕዝብ ከቀረበው 10 በመቶ አክሲዮን የተሸጠው ከዐሥር አንዱ ገደማ ብቻ ነው። ባለሥልጣኑ የበላይ ነህ ብሎ ግዴታ ሲጥል የሚጥለው በራሱ አሠሪ ኪስ ላይ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም፣ የጅቡቲ ቴሌኮምና ሱዳቴል ሆራይዘን ብለው ለሰየሙት የፋይበር መስመር የመግባቢያ ሰነድ ፈረሙ። ጅቡቲን በኢትዮጵያ አድርጎ ከሱዳን የሚያገናኝ፣ በባሕር ገመዶች መካከል አቅም ያለው የምድር መስመር እንዲሆን ነው ሐሳቡ። ለኢትዮጵያ ተጨማሪ መውጫ፣ ለሱዳንም ከካርቱም ውጭ ሌላ መንገድ ሊሆን ይችላልና ሥራው መልካም ነው። የፈራሚዎቹን ስም አንድ በአንድ ማየት ግን አይከፋም፤ ሦስቱም በየአገራቸው ዋናውን መስመር የያዙ ናቸው፣ ሁለቱ ሙሉ በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ የመንግሥት ናቸው። ገላባት ላይ በዚያ መስመር አቅም ተከራይቶ የመተማን ጥሪ በቀጥታ ላሻግር የሚል አራተኛ ኩባንያ ቢመጣ፣ የማስከራያው ዋጋ ለሁሉም እኩል ነው ወይስ ለባለቤቶቹ ብቻ የሚለው በዝርዝር ውሉ ይወሰናል፤ ያን ውል አይቶ ማጽደቅ ያለበት ሰው ደግሞ የሚቀመጠው ከመተማ 900 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው።